ስክሪኑ ላይ ካሬ ካሬ ቀለም ይበተናል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጥቁር ይሆናል፤ የግራፊክስ ካርዱ አለቀለት ማለት ነው?

ቪዲዮ በቤቴ (ሽምብጥ) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። እቤት ሆኜ የሠርግ ቪዲዮ ነው የማቀናብረው። ዳግማ ትንሣኤ ካለፈ ወዲህ ሥራው ተደራርቦብኛል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ይህን ጊዜ መርጦ አስቸገረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ ላይ ቆይቼ ድንገት ስክሪኑ ላይ ትንንሽ አረንጓዴና ሐምራዊ ካሬዎች ይበተናሉ። የሙሽራዋ ቬሎ ላይ የዳማ ገበታ የተነጠፈ ይመስላል። አንዳንዴ ደግሞ ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ባስ ሲል ጭራሽ አይመለስም። የካርዱ ፋን ይጮኻል፣ የዘፈኑ ድምፅ ይሰማል፣ ምስል ግን የለም። በቁልፉ አጥፍቼ ነው የማስነሣው።

ዕቃው ኮር አይ5 8400፣ 16 ጊጋ ራም፣ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ ነው። ካርዱ ያገለገለ ነው፣ ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣሁት። ፓወር ሰፕላዩ ላዩ ላይ 500 ዋት ይላል። ዊንዶውስ 10።

አንድ ጥገና ቤት ወስጄው "ፎርማት ይደረግ" አሉ። ተደረገ። ከፍዬ ቤት ስገባ ያው ነው። አሁን ደግሞ "ካርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዢ" እያሉኝ ነው። ብር ከማውጣቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

ዓባይ ማዶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

እህቴ፣ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ነው የሚመስለኝ። ዲዲዩ የሚባለውን የድራይቨር ማጽጃ አውርጂ። ሴፍ ሞድ ግቢና አሮጌውን ድራይቨር ጠራርገሽ አዲሱን ጫኚ። ስታደርጊው ኢንተርኔቱን ንቀዪ፣ አለበለዚያ ዊንዶውስ ቀድሞሽ የራሱን ይጭናል።

ቪዲዮ በቤቴ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:31

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን ፎርማት ከተደረገ ድራይቨሩም አዲስ አይደለም እንዴ?

ዘንዘልማ ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:02

ዩቲዩብ ላይ ካርዱን ፈተው ኦቨን ውስጥ ሲከቱት አይቻለሁ፣ ሲያወጡት ይሠራል። ኦቨን ከሌለሽ ምጣድ አለ 😂

ካቻቢቴ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:20

ዘንዘልማ፣ ተው እንጂ! ካርድ እንጂ እንጀራ አይደለም። ሙቀቱ ቺፑ ውስጥ የላላውን ግንኙነት ለጊዜው ያገናኘው ይሆናል። ከዚያ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። እስከዚያው የካፓሲተሩና የሶኬቱ ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ጭሱም ምግብ የሚሠራበት ቤት ውስጥ ይቀራል። ይህን ቀልድም ቢሆን የሚሞክር አይጠፋም።

ወደ አንቺ ልምጣ ልጄ። የጻፍሽው አንድ ችግር አይደለም፣ ሁለት ነው። ካሬው አንድ፣ ጥቁሩ ሌላ። ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ባንድ ስም ጠርተው ባንድ መድኃኒት ሊያክሙ ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ ምስሉ የት እንደሚበላሽ እንወቅ። ምስሉ ካርዱ ሜሞሪ ላይ ይሠራል፣ በካርዱ መውጫ ይወጣል፣ በኬብሉ ሄዶ ሞኒተሩ ጋ ይደርሳል። የትኛው ጋ እንደተበላሸ ሳይታወቅ ዕቃ አይገዛም።

ካሬው ሲመጣ ምንም ሳትዘጊ ፕሪንት ስክሪን ተጫኚና አስቀምጪው። ወደ ስልክሽ ላኪና ስልኩ ላይ እይው። ካሬው ስልኩ ላይም ካለ ጣጣው ካርዱ ጋ ነው። ኬብሉና ሞኒተሩ ነጻ ናቸው። ስልኩ ላይ ንጹሕ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ኬብሉና ወደ ሞኒተሩ ይዞራል። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም፣ ግን ሳንቲም አያስወጣም።

የሞኒተሩንም ሜኑ ክፈቺ፣ ብርሃን የሚስተካከልበትን። እሱን የሚሥለው ሞኒተሩ ራሱ ነው። ብልሽቱ ሜኑው ላይም ከወጣ ካርዱን ተዪው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ደግሞ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተሽ ትንሽ ቆዪ። እዚያ የዊንዶውስ ድራይቨር ገና አልተጫነም። ካሬው እዚያም ካለ የሶፍትዌር ወሬ አበቃ።

ለጥቁሩ፦ ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ ከሶኬቱ ንቀዪ፣ ጎኑን ክፈቺና ካርዱ ላይ የሚሰካውን የኤሌክትሪክ ገመድ ፎቶ አንስተሽ ላኪ። ገመዱ ከየት እንደሚነሣ እንዲታይ አድርጊ። የፓወር ሰፕላዩንም ጀርባ።

ፖሊ ግቢ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:48

ጋሼ የጻፉት ላይ ትንሽ ልጨምር። ጥቁር ብሎ የሚመለሰው ዊንዶውስ ነው። ካርዱ 2 ሰከንድ ያህል መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን ራሱ ያስነሣዋል። ኢቬንት ቪወር (የዊንዶውስ መዝገብ) ውስጥ ሲስተም የሚለው ሥር 4101 የሚል ቁጥር ካየሽ እሱ ነው። በቁልፉ ስታጠፊው ደግሞ 41 ይመዘገባል። ሰዓታቸውን ብትጽፊልን ከምን ሥራ ጋር እንደሚገጥሙ እናያለን።

ሙቀቱንም ተመልከቺ። ባሕር ዳር በዚህ ወር ቀን ቀን ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ከተማው ደግሞ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ያው ፋን ባው ፍጥነት ዞሮ የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። ፈረንጆች የሚጽፉት የሙቀት ቁጥር እኛ ጋ ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጪ።

ዓባይ ማዶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 6:05

ሐይቅ አጠገብ ላለ ሰው ትንኙም አለ። ማታ መብራት አብርተሽ መስኮት ከከፈትሽ የኬዙ ወንፊት በአቧራና በትንኝ ይደፈናል። ካየሽው ጥረጊው።

ቪዲዮ በቤቴ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:40

ያላችሁኝን አደረግኩ።

ስክሪንሾቱ ስልኬ ላይም ካሬ አለው። የሞኒተሩ ሜኑ ንጹሕ ነው። ባዮስ ውስጥ ምንም የለም፣ ግን ገና ሳይሞቅ ነው የገባሁት። ካሬው የሚመጣው ሁሌም ሬንደር ሳደርግ (ያቀናበርኩትን ወደ ፋይል ሳወጣ) ወይም ወንድሜ ጌም ሲጫወት ነው። ካርዱ 78 ዲግሪ ያሳያል። ወንፊቱ ላይ ያለውን ትንኝ አልነግራችሁም።

የ4101ዱ ሰዓት የተለያየ ነው፣ ሥርዓት አላገኘሁለትም። ፎቶዎቹን አያይዣለሁ።

ዘንዘልማ ዳር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:52

ምጣድ ስል ሳቃችሁ። እስቲ ጥቁር የሚለው እንጀራ ሲጋገር አለመሆኑን እይ።

ቪዲዮ በቤቴ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10:15

ኧረ ጉድ! ዛሬ እማዬ እየጋገረች ነው። ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፣ ያኔ አንዴ ጥቁር አለ። ግን ሳይጋገርም ይመጣል፣ በተለይ ረጅም ሬንደር ላይ።

ካቻቢቴ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

ፎቶሽን አይቼ ደነገጥኩ። ሬንደር አቁሚ። ዛሬውኑ።

ካርዱ ባለ 8 ፒን መሰኪያ አለው። ፓወር ሰፕላይሽ ግን ባለ 8 ፒን ገመድ የለውም። ስለዚህ የገጠመልሽ ሰው መቀየሪያ አደረገበት። መቀየሪያው ደግሞ የተሰካው ለሃርድ ዲስክ በተሠራው ጠፍጣፋ የሳታ ገመድ ላይ ነው። ፎቶውን አስፍተሽ ጥቁሩን ሶኬት እይው። ቢጫው ሽቦ የሚገባበት ጥግ ቡናማ ሆኗል፣ ጠርዙም ትንሽ ወደ ውስጥ ሟሟ ብሏል። አሽትቺው፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የሳታ ሶኬት በ12 ቮልቱ መስመር እንዲሸከም የተሠራው 54 ዋት ነው። ባለ 8 ፒን መሰኪያ ግን እስከ 150 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። ካርድሽ በጠቅላላው 185 ዋት ገደማ ይበላል። ከማዘርቦርዱ ሶኬት የሚያገኘው ቢበዛ 75 ነው። የቀረው በዚያች ቀጭን ሶኬት ውስጥ ሲያልፍ ትሞቃለች። ስትሞቅ ግንኙነቷ ይላላል፣ ሲላላ ቮልቱ ይወርዳል፣ ካርዱ ይሰናከላል። ፋኑ ጮኾ ምስሉ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ካርዱ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ነው።

ሁለተኛው ፎቶ ደግሞ ምጣዱን ይመልሳል። ፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ አለ። እንዲህ ያለው የድሮ አሠራር ነው። የመስመሩ ቮልት ሲወርድ እንደ አዲሶቹ አይቋቋምም። አዲሶቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ማብሪያም የላቸውም። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ነው። ለምጣድ ለብቻው ከቆጣሪ የተሳበ ወፍራም ሽቦ ከሌለ ከሱ ጋር ባንድ መስመር ያለ ሁሉ ይንገላታል።

ፓወር ሰፕላዩን ቀይሪ። 550 ዋት ይበቃሻል፣ ግን ባለ 8 ፒን ገመድ ከራሱ የሚወጣ ይሁን። በእጅሽ መዝነሽ ቀላል ከሆነብሽ ተዪው። አሮጌውን ደግሞ ማንም "ከፍቼ ልጠግነው" ቢልሽ አትስጪ። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የሚነዝር ኤሌክትሪክ ይቆያል።

ፖሊ ግቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:55

እስከዚያው ሥራ እንዳይቆምብሽ፦ አይ5 8400 የራሱ ግራፊክስ አለው። ካርዱን ንቀዪው፣ ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ሰኪ። ቀርፋፋ ይሆናል እንጂ ቪዲዮ ያወጣል። ኢንቴል ኩዊክ ሲንክ የሚለውን ብትመርጪ ኤክስፖርቱ እንዲያውም ደህና ይሄዳል። ፕሮሰሰራቸው ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለበት ሰዎች ግን ይህን ማድረግ አይችሉም፣ ግራፊክስ የለውም።

ቪዲዮ በቤቴ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

ነቀልኩት። እውነትም ይሸታል። እማዬ "ስንት ቀን ቤቱ ምን ሸተተ ስል አልሰማ ብለሽ" እያለች ነው።

ዓባይ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:41

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ፓወሩ ከሆነ ካሬውም አብሮ አይጠፋም? ለምን ሁለት አሉት?

ካቻቢቴ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

ሊጠፋም ይችላል፣ ካሬውን የሚያመጣው የፓወር ብልሽት ብቻ ሲሆንም አይቻለሁ። የዚህኛው ካሬ ግን ሥርዓት ያለው ነው፣ መጠኑ እኩል፣ ቦታውም ተደጋጋሚ። እንዲህ ያለው የሜሞሪ ነው ባይ ነኝ። ሲቀየር እናያለን።

ቪዲዮ በቤቴ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:05

ፓወር ሰፕላዩ ከአዲስ አበባ ደረሰ፣ ተገጠመ። ዛሬ ምጣዱ በርቷል፣ እኔም ሬንደር ላይ ነኝ፣ ጥቁር የሚባል የለም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ።

ካሬው ግን አለ። ይባስ ብሎ ትናንት ለደንበኛ ልልከው የነበረ ፋይል ላይ አብሮ ወጥቷል። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ከጋቢያቸው ላይ አረንጓዴ ካሬ! ስልክ ላይም፣ ቴሌቪዥን ላይም ያው ነው። ፋይሉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ፖሊ ግቢ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:30

አዎ፣ ኤፌክቱንና ቀለሙን ካርዱ ነው የሚሠራው። ሜሞሪው ላይ የተሳሳተ ነገር ከተጻፈ ፋይሉም ያንኑ ይዞ ይወጣል። እስኪስተካከል የሚላክ ነገር ሁሉ በፕሮሰሰሩ ይውጣ። ያለፈውን ወር ፋይልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብታይው ጥሩ ነው።

ካቻቢቴ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12:45

እንግዲህ ጥቁሩ ሄደ፣ ካሬው ቀረ። አሁን ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርድ መረጃ የሚያሳይ ፕሮግራም አውርጂና ሁለት ነገር ጻፊልኝ፦ የካርዱ ዲፎልት የሜሞሪ ፍጥነትና የዋናው ቺፕ ፍጥነት። ካርዱ ጠርዝ ላይ ደግሞ ትንሽ ማብሪያ መኖሩን ተመልከቺ፣ የጥፍር ያህል ናት።

ቪዲዮ በቤቴ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:20

ሜሞሪ 2150፣ ቺፕ 1150። ማብሪያዋ አለች።

ካቻቢቴ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:10

በቃ፣ ማይኒንግ (በኮምፒውተር ዲጂታል ገንዘብ የማውጣት ሥራ) የሠራ ካርድ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። አርኤክስ 580 በሚያዝያ 2009 የወጣ ካርድ ነው። ባለ 8 ጊጋው ሜሞሪው 2000 ሜጋኸርዝ፣ ቺፑ በ1257 እና በ1340 መካከል ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ማይኒንግ የሚሠሩ ሰዎች የሚፈልጉት ሜሞሪውን ነው። ስለዚህ የካርዱን ባዮስ (ፍጥነቱ የተጻፈበትን የካርዱን የራሱን ፕሮግራም) ይቀይሩና ሜሞሪውን ያስሮጡታል፣ ቺፑን ደግሞ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ዝቅ ያደርጉታል። ያንቺ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ያንን ይናገራል። መስከረም 2015 ላይ ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ አሠራሩን ሲቀይር የሱ ማይኒንግ በካርድ መሠራቱ ቀረ። ካርዶቹም በየአገሩ ገበያ ፈሰሱ። እኛ ጋ "ያገለገለ፣ ንጹሕ" ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ እነሱ አሉበት። ሻጩም ላያውቅ ይችላል።

ማይኒንግ መሥራቱ ብቻውን ካርድ አይገድልም። ባዮሱን ወደ ቦታው ሳይመልሱ መሸጣቸው ነው የከፋው። ፎርማት ብታደርጊ፣ ድራይቨር ብትቀይሪ አይነካውም። ባዮሱ ያለው ካርዱ ላይ ነው እንጂ ዲስኩ ላይ አይደለም።

ያቺ ማብሪያ እንደ ያንቺ ባሉ አንዳንድ ካርዶች ላይ ሁለት ባዮስ ታቀያይራለች። ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚቀይሩት። ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ ንቀዪ፣ ማብሪያዋን ወደ ሌላው ጎን ግፊ፣ አስነሺና ጂፒዩ-ዚን እንደገና እይ። በርቶ ሳለ እንዳትነኪያት።

ቪዲዮ በቤቴ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:05

2000 እና 1340 አለ!! አሁን የቆየውን ሠርግ ሬንደር ላይ ጥጄዋለሁ።

ቪዲዮ በቤቴ | እሑድ፣ ከቀኑ 7:15

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አየሁት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጣ ያደረው ፋይል ንጹሕ ነው። ወንድሜ ግን ጌም ሲጫወት ቆይቶ ጥቂት ካሬ አየሁ ይላል። እንደ በፊቱ አይደለም፣ አንድ ሁለት ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ካቻቢቴ | እሑድ፣ ከቀኑ 10:00

ሜሞሪው ከዚያ ሁሉ ሩጫ በኋላ ትንሽ ደክሟል። የዚህ ካርድ ችግር የሜሞሪውን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ የለውም። 78 ያልሽው የቺፑ ነው። ሜሞሪው ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ፓድ ደርቆ ከሆነ ቺፑ ቀዝቅዞ ሜሞሪው ሊግል ይችላል።

ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ ፍጥነት ማስተካከያ ፕሮግራም ሜሞሪውን ወደ 1900 አውርጂው። ካሬው ካለ ወደ 1850። ቪዲዮ ሥራ ላይ ልዩነቱ አይታወቅሽም። ዊንዶውስ ሲነሣ አብሮ እንዲጭነው ምልክት ማድረጉን አትርሺ። ካርዱን አስፈትተሽ ፓድና ፔስት (ቺፑ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) ማስቀየር ከፈለግሽ ደግሞ የፓዱን ውፍረት የሚለካ ሰው ይሁን። ወፍራም ፓድ ከገባ ማቀዝቀዣው ቺፑን በደንብ አይጫነውም፣ ያኔ አንዱን አድነሽ ሌላውን ታቃጥያለሽ። የሠርጉ ወቅት ሳያልፍ ባይነካ እመርጣለሁ።

ዓባይ ማዶ | እሑድ፣ ከቀኑ 10:20

እኔ ብሆን በዚህ አጋጣሚ ሸጬው አዲስ እገዛ ነበር።

ቪዲዮ በቤቴ | እሑድ፣ ከቀኑ 10:28

ብሩን አንተ ከሰጠኸኝ እሺ 😄 ደግሞስ ለማን ነው የምሸጠው? ለሌላ ሰው ራስ ምታት ልሆን?

1900 ላይ አድርጌዋለሁ። ወንድሜ ከዚያ ጀምሮ ለ"ምርመራ" ተቀምጦበታል፣ እስካሁን የለም ይላል። ምጣዱም መስመር ለብቻው ሊሳብለት ነው፣ ኤሌክትሪሺያኑ ነገ ይመጣል።

ደሴት | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:12

ይቅርታ፣ በክሩ ውስጥ ልግባ። የኔ ላፕቶፕ ነው። ክዳኑን ሳንቀሳቅሰው ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፣ ወደ ኋላ ሳጋድመው ይጠፋል። ይህም ካርዱ ነው?

ካቻቢቴ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:40

አይመስለኝም ወንድሜ። ማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው የስክሪን ገመድ ነው የሚያጠራጥረኝ። ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥን ላይ ሰካና ክዳኑን አንቀሳቅስ። ቴሌቪዥኑ ላይ ካልወጣ ካርዱ ደህና ነው። ገመዱ ይቀየር በል። ፎርማት ይደረግ ካሉህ ላፕቶፕህን ይዘህ ውጣ።